ምንም ያልታየበት ፎቶ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሱሉልታ ውርጩ ጀምሯል፤ እናትሽ ጋቢሽን ልካልሻለች።

«ኮከቡ ፈንድቶ ካለቀ በኋላ ምን እንደነበረ ከየት ይታወቃል? ምንም ያልታየባቸውን ምስሎችስ ለምን እናስቀምጣለን?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ሁለቱም ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ ነው።

ነሐሴ 18 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ እኛ ከክረምቱ ደመና ሥር ሳለን፣ በካሊፎርኒያ የፓሎማር ቴሌስኮፕ ኤም 101 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ የአንድ የፈነዳ ኮከብ አዲስ ብርሃን ያዘ። ርቀቱ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ተመራማሪዎቹ የብርሃኑን አጨማመር ወደ ኋላ አስልተው ፍንዳታው የጀመረበትን ሰዓት አወቁ። በስፔኗ ደሴት በማዮርካ የሚገኝ ሌላ ቴሌስኮፕ ደግሞ ከዚያ ሰዓት 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ያንኑ ጋላክሲ አንስቶ ነበር። ፎቶው ላይ በቦታው ምንም የለም። ልጄ፣ ማስረጃው ይህ ባዶ ቦታ ነው!

የፍንዳታው ማዕበል የኮከቡን አካል እያጋለ ይወጣል። ጋዝ ሲስፋፋ እንደሚቀዘቅዝ ገና ትንሽ ሳለሽ የብስክሌትሽን ጎማ አየር ስናስተነፍስ በጣትሽ ነክተሽ አይተሻል። ኮከቡ ቀድሞውንም ግዙፍ ከሆነ ሙቀቱ በመስፋፋት ብዙም ስለማይባክን ለቀናት ያበራል። ትንሽ ከሆነ ግን ለመታየት የሚበቃ ስፋት ሳያገኝ ያን ሙቀት ይጨርሰዋል። በ4ኛው ሰዓት ምንም አለመታየቱ የፈነዳው ኮከብ ራዲየስ ከፀሐይ ራዲየስ 50ኛ እጅ በታች መሆኑን አሳየ። ነጭ ድንክ ኮከብ፣ ማለትም ነዳጁን ጨርሶ የተኮማተረ ትንሽ የኮከብ ቅሪት፣ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ በደስታ ይሞላል።

ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ድምቀት ይህን አይነግርሽም፤ ያን ጊዜ ብርሃኑን የሚሰጠው በፍንዳታው የተፈጠረው ሬዲዮአክቲቭ፣ ማለትም በራሱ እየፈራረሰ ኃይል የሚለቅ፣ ኒኬል 56 ነውና። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ለመያዝ ደግሞ የግድ ትልቅ ተቋም አያስፈልግም። መስከረም 10 ቀን 2009 ዓ.ም. በአርጀንቲና ሮዛሪዮ ከተማ ቪክቶር ቡሶ የተባለ አማተር አዲስ ካሜራውን ሲሞክር አንድ ኮከብ መፈንዳት ሲጀምር ደረሰበት። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስታወት መሆናቸውን አትርሺ።

ስለዚህ ባዶዎቹን ምስሎች አትሰርዢ። የተነሱበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው፣ በዚያ ምሽት ሊታይ ይችል የነበረውን እጅግ ደብዛዛ ኮከብም አብረሽ መዝግቢ። ይህ ካልተጻፈ ኮከቡ አለመኖሩንና ካሜራው አለማየቱን መለየት አይቻልም።

አባትሽ፣ ከሱሉልታ