አሲድ አይደለም፤ ጥያቄው ፍሳሹ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

አስከሬንን በእሳት ከማቃጠል ይልቅ በውሃ ስለሚያፈርሰው ዘዴ ያስነበባችሁንን ጽሑፍ በጥሞና ተመለከትሁት። ሕጋዊ ይሁን አይሁን የሚለው ጥያቄ መነሣቱ መልካም ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ዘዴውን «በአሲድ ማሟሟት» ብለውታል። የፍሳሽ ውሃ ስመረምር ዕድሜዬን የፈጀሁ ኬሚስት ነኝና ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

አሲድ የለበትም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የሚጨመረው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ለፈሳሽ ሳሙና መሥሪያ የሚውለው አልካሊ። ከድብልቁ 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አስከሬኑ ከማይዝግ ብረት በተሠራ ዝግ ጋን ውስጥ ይገባል። በግፊት የሚሠራው ማሽን ሙቀቱን ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሶ በጥቂት ሰዓታት ይጨርሳል፤ ግፊት የሌለው ግን ከመፍላት ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት ሲሠራ ያድራል። ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲድ፣ ስቡ ወደ ሳሙና ይለወጣል። (ይኸው አሲድ አልህ የሚለኝ አይጠፋም፤ አሚኖ አሲድማ በእያንዳንዳችን ገላ ውስጥ አለ።) ጋኑ ሲከፈት የሚገኘው አጥንት ብቻ ነው፤ ነጭ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር። ሟቹ በሕይወት ሳለ የዳሌ ብረት ተተክሎለት ከነበረ ብረቱ ከአጥንቱ መካከል እያበራ ይወጣል። አጥንቱ ደርቆ ይፈጭና ለቤተሰብ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ያረፉት የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተሸኙት በዚህ መንገድ ነበር።

ስለ ጥቅሙ ብዙ ተብሏል። ከጥርስ ሙሌት የሚተን ሜርኩሪ ወደ አየር አይወጣም፤ እሳት ውስጥ የሚፈነዳውን የልብ ምት መቆጣጠሪያም አስቀድሞ ከደረት ማውጣት አያስፈልግም። እኔም ይፈቀድ ከሚሉት ወገን ነኝ። የወገኖቼ ችግር ግን ከጋኑ የሚወጣው ፈሳሽ ላይ ሲደርሱ መቸኮላቸው ነው፤ «ጀርም የለበትም፣ ዲኤንኤ የለበትም፣ ይፍሰስ» ይላሉ።

የእንስሳት ሬሳ በዚሁ ዘዴ ከሚያስወግድ ማሽን የወጣ ናሙና አንድ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቦ ነበር። ቡናማ ነው፤ ጠርሙሱን ሲያዘነብሉት አረፋ ይይዛል፤ በጓንት ሲነኩት እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። የነከርሁበት የአልካሊ መመርመሪያ ወረቀት ወዲያው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆነ። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) 11 ገደማ፣ ማለትም ጠንካራ አልካሊ፣ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በላይ ባክቴሪያ የሚመገበውን ነገር በገፍ ይዟል። ፈሳሹ እንደሚመጣ አስቀድሞ የተነገረው ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ያለ ችግር ይቀበለዋል። ሳይጣራ ትንሽ ወንዝ ውስጥ ቢለቀቅ ግን ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣውን ይፈጃል። ጀርም የለበትም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

የሚገርመው፣ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ2023 ዘዴውን ሲነቅፉ ካነሧቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ፈሳሽ እንደ ቆሻሻ ውሃ መወገዱ ነው። በመድኃኒት ከሚደርቅ አስከሬን የሚወጣው ደም ብዙውን ጊዜ ወዴት እንደሚወርድ ብጠይቅ ግን መልሱ ያው የፍሳሽ መስመር ነው። ተቃውሟቸውን አከብራለሁ፤ ሕጉም ማንንም ወደ ጋኑ አይገፋም።

ሕግ ዝም ሲል ምን እንደሚሆን እንግሊዝ አሳይታለች። የሳንድዌል ምክር ቤት ሮውሊ ሪጂስ በሚገኘው አስከሬን ማቃጠያው ማሽኑን ሊተክል ተነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዕቅዱን ያስቆመው የውሃ ኩባንያው ነው፤ ፈሳሹን ወደ መስመሬ አላስገባም አለ። የኔዘርላንድስ የጤና ምክር ቤት የሄደበት መንገድ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዘዴውን በደኅንነት፣ በክብርና በአካባቢ ጥበቃ መዝኖ ተቀባይነት አለው አለ፤ አስከሬንን ወደ አፈር ስለሚለውጠው ሌላ ዘዴ ግን በቂ ዕውቀት የለም ብሎ አቆየው።

ሕግ ይውጣ ስል ታዲያ ፈቃዱ ለቀብር አስፈጻሚው ብቻ ተሰጥቶ እንዳይቀር ነው። የፍሳሽ ፈቃድ አብሮ ይሰጥ፤ እያንዳንዱ ጋን ከመለቀቁ በፊት ፒኤቹ ተለክቶ በመዝገብ ይስፈር። በግፊት የሚሠራው ጋን እንደማንኛውም የእንፋሎት ማሞቂያ በየጊዜው ይፈተሽ። የሞቱ ምክንያት ያልተጣራለት አስከሬን ደግሞ ጨርሶ አይግባ፤ ከዚህ በኋላ ተቆፍሮ የሚመረመር ነገር የለምና። ቤተሰብ የሚፈርምበት ቅጽም ፈሳሹ ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ ቋንቋ ይጻፍበት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን ከጎረቤት ሊሰማው አይገባም።

በሚቀጥለው እትማችሁ «አሲድ» የሚለውን ቃል እንድታርሙልኝ እጠይቃለሁ። በጉዳዩ ላይ ዳግም የምትጽፉ ከሆነም ከማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኞች አንዱን አነጋግሩ፤ እስካሁን ማንም የጠየቃቸው አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፍሳሽ ውሃ ኬሚስት