የአባትህን ራዲዮ ላቃጥለው ነበር

ሙሄ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቃል ሳልልክልህ ቀረሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ ይህን ያህል ሩቅ ሆኖ አይደለም። ይቅር በለኝ። ስለ እናትህ ለቅሶ ደግሞ... እሱን ስንገናኝ እነግርሃለሁ፤ በወረቀት አይሆንልኝም።

የምጽፍልህ በራዲዮው ነው። አባትህ አደራ ያሉኝ ባለ ቫልቩ፣ በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦ የሚሠራው የድሮው። ሐሙስ እኩለ ሌሊት ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከሳጥን አወጣሁት። አቧራውን ጠርጌ፣ አላስቻለኝም፣ ሰካሁት። 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞርስ፣ ያ በነጥብና በሰረዝ የሚላከው ፊደል፣ ሰማሁ። የጣቢያው መለያ ጥሪ በሁለት ነጥብ፣ በ"I" ፊደል ይጀምራል፤ ጣሊያን መሆኑ ነው። አንተ ብትኖር "ራሺያ ነው" ብለህ ትከራከረኝ ነበር። እንባዬ መጣ።

ወዲያው እምም የሚለው ድምፅ እየጎላ ሄደ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዘልዬ ነቀልኩት።

ሶኬቱን በቴስተር ስለካው 246 ቮልት! ራዲዮው ጀርባ የተጻፈው 220 ነው። የቫልቮቹ ማሞቂያ የሚፈልገው 6.3 ቮልት፣ እኔ ያጠጣኋቸው 7 ገደማ። እንዲህ ከከረሙ ዕድሜያቸው ያልቃል። ያን እምም የሚል ድምፅ የሚያጠፉት ማጣሪያ ኮንደንሰሮቹም ዓመታት ተኝተው የኖሩ ናቸው። አባትህ እኮ "የከረመ ራዲዮ በአንዴ አይሰካም" ይሉን ነበር። ባለ 60 ዋቱን የድሮ ባለ ክር አምፖል መስመሩ ላይ በተከታታይ ያስገቡ ነበር፤ ኃይሉ በአምፖሉ አልፎ ነው ራዲዮው ጋ የሚደርሰው። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ሰላም ነው። እያወቅኩ ተቻኮልኩ።

አሁን ፒያሳ ወጥቼ 220 ሲገባለት 24 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ገዛሁ፤ 246 ሲገባለት 27 ገደማ ይሰጣል። 24ቱን ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ገልብጠን ካሰርነው ይቀንሳል፤ 246ቱ 219 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱ ሽቦዎች ከተቀያየሩ ግን ይደመርና 273 ይገባል። እጄ የፈራው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አምፖል አስረን፣ በቴስተር ለክተን፣ ከዚያ ራዲዮውን። ሌላም አለ። ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ መስመሩ 190 ይወርዳል። ያኔ ትራንስፎርመሩ ጭራሽ ያዳክመዋል። ስለዚህ ትራንስፎርመሩን ትቶ መስመሩን በቀጥታ ወደ ራዲዮው የሚያሳልፍ ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልገናል፤ ፊውዝም እንጨምርበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ እስኪረጋ ተነቅሎ ይቆይ።

ስታቢላይዘርም፣ የቮልት ማረጋጊያውን፣ አስቤ ነበር። የጎረቤቴን ሳየው ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ቮልቱን በደረጃ ያዘልላል። ለዚህ ራዲዮ ልቤ አልወደደውም።

ሙሄ፣ ብቻዬን አልደፍርም። የአንተ እጅ አይንቀጠቀጥም። ቅዳሜ ትመጣለህ? መበየጃህን ያዝ፤ የእኔ ጫፉ አልቋል። ባህር ዛፉ ላይ የወጠርነው ሽቦ አሁንም አለ። ቡና አፈላለሁ፣ ያንን ያልነገርኩህንም እነግርሃለሁ።

ራዲዮውን በጋቢ ሸፍኜዋለሁ። እስክትመጣ አልነካውም።

ወንድምህ
ጌታቸው