ለእማዬ፣ ስለ ልጁ ጨዋታ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ገብቷል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ልጁ ጨዋታ ነው። «ከትምህርት ቤት መጥቶ ጭራቅ ሲያዋጋ ያመሻል አሉ፤ አንቺም አብረሽው ትቀመጫለሽ» ብለሽ ተጨንቀሻል። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። አንቺ ደግሞ አንድን ነገር ከሥሩ ካልተረዳሽው እንቅልፍ አይወስድሽም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ «ጭራቅ» የሚለውን ከሐሳብሽ አውጪው። ጨዋታው ፖኬሞን የሚባል የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ ውስጡ ያሉት ፍጡራንም ፖኬሞን ይባላሉ። በፈረንጆቹ 1996 ጃፓን ውስጥ ወጣ። ያመነጨው ሳቶሺ ታጂሪ የሚባል ሰው ነው። በልጅነቱ ነፍሳት እየለቀመ መሰብሰብ ይወድ ነበር፤ ያ ፍቅሩ ነው በኋላ ወደ ጨዋታ የተለወጠው። ዛሬ ፍጡራኑ ከ1,000 በላይ ደርሰዋል። ኤሊ የሚመስል አለ፣ ቀጭኔ የሚመስል አለ፣ እንጉዳይ የሚመስልም አለ። ይጋጠማሉ፤ ግን አይሞቱም። የተሸነፈው ይዝልና ከሜዳ ይወጣል፣ በኋላ ታክሞ ይነሳል። ደም የሚባል ነገር የለም።

ልጁ ልቡን የሰጠው ግን ለውድድሩ ነው። ውድድር ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት ፖኬሞን ይዞ ይቀርባል። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ስድስት ያያሉ። ከዚያ በ90 ሰከንድ ውስጥ ከስድስቱ አራቱን ይመርጣሉ። የትኞቹ አራት እንደተመረጡ ግን ተጋጣሚ አያውቅም። ሜዳ ላይ ሁለት ለሁለት ይገጥማሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ከኋላ ይጠብቃሉ። ደግሞ ሁሉም ደረጃ 50 ላይ እኩል ይደረጋሉ። ስለዚህ ቤቱ ተቀምጦ ቀን ከሌት ጉልበት ሲያከማች የከረመ ልጅ ለዚያ ብሎ አያሸንፍም። የሚለየው ቡድኑ እንዴት እንደተሠራ ነው፣ የተጫዋቹም ጭንቅላት ነው። ይህን ደንብ በጣም ነው የምወደው።

እያንዳንዱ ፍጡር ዓይነት አለው። ዓይነቶቹ 18 ናቸው። ውኃ እሳትን ይረታል፣ እሳት ሣርን፣ ሣር ደግሞ ውኃን። ኤሌክትሪክ መሬትን ጭራሽ አይነካውም። አንዱ ፍጡር ሁለት ዓይነት ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ለአንድ ነገር ደካማ ከሆኑ ያ ምት አራት እጥፍ ያርፍበታል። ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ለአንቺ በአማርኛ ሊነግርሽም እየተለማመደ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ልጁ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ቶርኮል የሚባል ኤሊ አለ። እሳት ነው፤ ከጀርባው ጭስ ይወጣል። ቀርፋፋነቱ አይጣል ነው። በተለመደው ጨዋታ ፈጣኑ ቀድሞ ይመታል፣ ቶርኮል ደግሞ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ጓደኞቹ «እሱን ተወው፣ ጠንካራ ጠንካራውን ያዝ» ይሉታል። ልጁ ግን እምቢ አለ። እኔም አብሬው የተቀመጥኩት እዚህ ላይ ነው። ኤሊውን ሳይተው እንዴት ያሸንፋል? ጥሩ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

መልሱ ትሪክ ሩም የሚባል ስልት ውስጥ አለ። አንዱ ፖኬሞን ይህን ስልት ሲሠራ ለአምስት ተራ ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ ቀርፋፋው ቀድሞ ይመታል። ስለዚህ ልጁ ኤሊውን ሆን ብሎ የባሰ ቀርፋፋ አደረገው። እያንዳንዱ ፖኬሞን ባሕርይ አለው፤ አንዱን ችሎታ በ10 በመቶ ከፍ፣ ሌላውን በ10 በመቶ ዝቅ ያደርጋል። ፍጥነቱን የሚቀንስ፣ የእሳት ምቱን የሚያበረታ ባሕርይ መረጠለት። የኤሊው ፍጥነት 22 ላይ አረፈ። ጋርቾምፕ የሚባለው ሁሉም የሚፈራው ፍጡር በሙሉ አቅሙ 169 ይደርሳል። ሥርዓቱ ሲገለበጥ ግን 22 ከ169 ይቀድማል። ኤሊው ደግሞ ሲገባ ፀሐይ ያወጣል። ፀሐይ የእሳትን ምት በግማሽ ትጨምራለች፣ የውኃን ምት በግማሽ ትቀንሳለች። ኢራፕሽን የሚባለው ምቱ ሁለቱንም ተጋጣሚ አንድ ላይ ያገኛቸዋል፤ ኃይሉም ላይፉ (ከመዛሉ በፊት የቀረው አቅም) ሙሉ ሲሆን 150 ነው። ላይፉ በጎደለ ቁጥር ግን ምቱም እየደከመ ይሄዳል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ኤሊው ቀድሞ ከተመታ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሌሎቹ ቦታውን ማመቻቸት አለባቸው። ቡድን መሥራት ማለት ይኼው ነው፣ እማዬ። ጠንካራ ስድስት መሰብሰብ አይደለም። አንዱ የማይችለውን ሌላው እንዲሸፍንለት ማሰብ ነው።

ትሪክ ሩሙን የሚሠራው ፋሪጊራፍ ነው፣ ቀጭኔው። ይህ ስልት በተራው ውስጥ ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚፈጸመው። ስለዚህ ቀጭኔው ያንን ተራ ሳይዝል ማለፍ አለበት። ብዙ ተጋጣሚዎች ፌክ አውት በሚባል ቅድሚያ ባለው ምት አስደንግጠው ተራውን ሊያባክኑበት ይሞክራሉ። የፋሪጊራፍ ጅራት ግን ቅድሚያ ያላቸውን የተጋጣሚ ምቶች ይከለክላል፤ እሱንም አጠገቡ ያለውንም ይጠብቃል። ቀጭኔውን የመረጥነው ለዚህ ነው። አጠገቡ አሙንጋስ ይቆማል፣ እንጉዳዩ። እሱ ዱቄት በትኖ የተጋጣሚን ምት ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል። እየተመታ ቀጭኔውን ያተርፋል። በሚቀጥለው ተራ ደግሞ ሌላ ዱቄት በትኖ አንዱን ያስተኛል። እሱም ቀርፋፋ ስለሆነ ትሪክ ሩም ይመቸዋል።

እንጉዳዩ ሁሉን አያድንም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኝ ምት ከሆነ ወደ ራሱ ሊጠራው አይችልም። ከእነዚህ አንዱ ሮክ ስላይድ ነው፤ የድንጋይ ናዳ ነው። ይህን ያገኘው ልጁ ራሱ ነው፣ እኔ አልነገርኩትም። በደብተሩ ሠንጠረዥ አሰመረና በአንድ ወገን ስድስቱን፣ በሌላው 18ቱን ዓይነቶች ጻፈ። እያንዳንዱ ለምን ደካማ እንደሆነ ምልክት አደረገ። ድንጋይ የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሦስት እሳት ይዞ ነበር፦ ኤሊውን፣ ኢንሲነሮር የሚባለውን ድመት፣ ቻሪዛርድ የሚባለውን ባለ ክንፍ። ሦስቱም ለድንጋይ ደካማ ናቸው፤ ቻሪዛርድ እንዲያውም አራት እጥፍ ይመታል። ቻሪዛርድን በጣም ይወደዋል፣ ግድግዳው ላይ ሥዕሉ አለ። ራሱ ሰረዘው። ማንም ሳይለምነው።

ድመቱን ግን አስቀረነው። እሱ ሜዳ ሲገባ የተጋጣሚዎቹን የጉልበት ምት ያለሳልሳል፣ ያስደነግጣል፣ ከዚያ ወጥቶ ሌላ ያስገባል። ራሱ ብዙ አይመታም፤ ለጓደኞቹ ነው የሚሠራው። በእኔ እምነት ብዙ ቡድን የሚወድቀው እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ስለሚንቅ ነው። አምስተኛው ቬነሶር ነው። ፀሐይ ስትወጣ ፍጥነቱ በእጥፍ ይጨምራል። ተጋጣሚ ትሪክ ሩሙን ከከለከለን በእሱ በኩል በፍጥነት እንሄዳለን። አንድ መንገድ ብቻ ያለው ቡድን መንገዱ ከተዘጋ አለቀለት። የሚያሳስበኝ ቬነሶርና አሙንጋስ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ሣርና መርዝ መሆናቸው ነው። ልጁ አያሳስበውም። «አራቱን ስመርጥ ሁለቱን አንድ ላይ አላመጣም» ይላል። መልሱ ያስኬዳል።

ከዚያ ደግሞ ቁጥሩ አለ። ለእያንዳንዱ ፖኬሞን በሥልጠና የሚከፋፈል 510 ነጥብ ይሰጠዋል፤ በአንድ ችሎታ ላይ ከ252 በላይ ማድረግ አይቻልም። ለጉልበት ስታበዢ ከመከላከያ ይጎድላል። ቀጭኔው ያንን አንድ ተራ ለማለፍ ስንት መከላከያ ይበቃዋል? በስሌት ነው የሚገኘው። አንቺ ገበጣ ስትጫወቺ ጠጠሩን ሳታነሺ በዓይንሽ ቆጥረሽ የት እንደሚያልቅ ታውቂው የለ? ልጁም አሁን እንደዚያ ሆኗል። በመቶኛ ማስላት የተማረው እዚህ ነው። የሒሳብ መምህሩ ለውጡን አይታ ጠየቀችኝ፤ ደስ እያለኝ ነው የነገርኳት።

የዓለም ሻምፒዮና የሚባል አለው። በፈረንጆቹ 2014 እና 2019 የተካሄደው እዚሁ አጠገባችን ዋሽንግተን ዲሲ፣ ትልቁ የስብሰባ ማዕከል ውስጥ ነው። ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ካሉበት ከዩ ስትሪት ብዙ አይርቅም፤ የመጣሽ ጊዜ በመኪና አልፈንበታል። በ2014 ያሸነፈው ሴ ጁን ፓርክ የሚባል የደቡብ ኮሪያ ልጅ ነው። ቡድኑ ውስጥ ፓቺሪሱ የምትባል ትንሽ ሽኮኮ ነበረች። የችሎታዋ ድምር 405 ነው፤ የጋርቾምፕ 600። በዚያ ደረጃ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም ነበር። እሱ ግን ያመጣት በምክንያት ነው። ትልቁ አጥቂው ጋያራዶስ ኤሌክትሪክን አይችልም። ሽኮኮዋ ደግሞ ምት ወደ ራሷ ትጠራለች፤ ኤሌክትሪክ ሲመታት ደግሞ ላይፏ ይጨምራል። ጋያራዶስን የሚያስፈራው ነገር ለእሷ መድኃኒት ሆነላት። በዚህ ዋንጫውን ወሰደ። ጨዋታውን ከልጁ ጋር ደጋግመን አየነው። «ማሚ፣ ኤሊዬም እኮ ይችላል» አለኝ።

ብዙ ሰው የአሸናፊዎችን ቡድን እንዳለ ገልብጦ ይዞ ይመጣል። ነውር የለውም፤ ከእነሱ መማር ያስፈልጋል። ግን ልጁ እንዲገለብጥ አልፈልግም። የተገለበጠ ቡድን ይዞ የተሸነፈ ልጅ ለምን እንደተሸነፈ አያውቅም። የራሱን የሠራ ልጅ ግን ያውቃል። የእኛ ልጅ ሲሸነፍ ተጋጣሚውን ይጨብጥና ደብተሩን ያወጣል። «በሁለተኛው ተራ ድመቱን ማስወጣት ነበረብኝ» ብሎ ይጽፋል። ድሮ ሲሸነፍ ክፍሉን ዘግቶ ያለቅስ የነበረ ልጅ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ይህን ሳይ አብሬው ከመቀመጥ ምን ያግደኛል?

ስለ ሰዓቱ አታስቢ። የቤት ሥራው ሳያልቅ አይነካውም፣ ቅዳሜና እሁድም ቤተ ክርስቲያን ይቀድማል። ውድድሩም በዕድሜ የተከፋፈለ ነው፤ እሱ የሚገባው ከትንንሾቹ ጋር ነው። ሰፈራችን ያለው የጨዋታ ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ትንሽ ውድድር ቅርብ ነው። እኔም እሄዳለሁ።

ስድስተኛው ቦታ ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ጋርቾምፕ እላለሁ፤ ድንጋይን ይቋቋማል፣ ኤሌክትሪክ አይነካውም። እሱ ድራጎናይት ይላል፤ ይበራልና መሬት አያገኘውም። ክርክራችን እስከ መኝታ ሰዓት ይደርሳል።

እሁድ ስትደውዪ ይህን ጠይቂልኝ፦ «ዝናብ የሚያዘንብ ቡድን ቢገጥምህ ኤሊህን ምን ታደርገዋለህ?» መልሱን እንደማታውቂ ሁኚለት። እኔ አሁን ልንገርሽ። ፀሐይ የሚያወጣና ዝናብ የሚያዘንብ አንድ ላይ ሲገቡ ፈጣኑ መጀመሪያ ይሠራል፣ ቀርፋፋው ከኋላ ይመጣና የፈጣኑን ይሽራል። ዝናብ ከሚያዘንቡት ውስጥ ደግሞ ከኤሊው የሚቀረፍ የለም። ፀሐዩ ይጸናል ማለት ነው። ይህን ሲያስረዳሽ ድምፁን ስሚው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጨዋታው የምታስቢውን ንገሪኝ።

ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ።

ልጅሽ