ሆብስን ያለ ዘመኑ ማንበብ

ለአዘጋጁ፣

ስለ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ሰው ያለ ጠንካራ መንግሥት እርስ በርሱ ይጫረሳል የሚለውን ሐሳብ ከታሪክ ውጭ እንደ ተገኘ እውነት አቅርቦታል። ሆብስ ግን እ.ኤ.አ. በ1640 የእንግሊዝ ንጉሥና ፓርላማው ሲፋጠጡ ወደ ፓሪስ የሸሸ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላም በ1649 ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስ በአደባባይ አንገቱ ሲቀላ በስደት የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከነጻነት ጸጥታን ቢያስቀድም ምን ያስገርማል? ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሎክ በአንጻሩ ይበልጥ የሚሰጋው ልጓም ያጣ ንጉሥን ነበር፤ በ1683 ወደ ሆላንድ የተሰደደውም ከዘውዱ ሸሽቶ ነው። ይህ ሐሳባቸውን ውድቅ አያደርገውም፤ ከየትኛው ፍርሃት እንደ ተነሣ ስናውቅ ግን የት ድረስ እንደሚሠራ መለየት እንችላለን። በሚቀጥለው እትም ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቡ፤ ከየሐሳባቸው አጠገብም የጦርነቱንና የስደቱን ዓመታት አስፍሩ።