አረንጓዴውን እንሽጠው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስለ ሁለቱ መኪኖቻችን ስናወራ "አባዬ፣ ነጩን ሽጠውና አረንጓዴውን አስቀር" ስትዪኝ እሺ ብዬሽ ነበር። ያኔ ከልቤ ነው እሺ ያልኩት። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። በስልክ ብነግርሽ እንከራከራለን፣ መሃል ላይም የምለው ይጠፋብኛል። ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። አረንጓዴው ያምራል። ወንበሩ ይመቻል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጪው ሽቅብ ይወረወራል። ነጩ በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ የግራ ፓራፋንጎው ተጎድቷል፣ የሹፌሩ ወንበር ስፖንጁ አልቋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው ምረጥ ቢሉት፣ አረንጓዴውን የማይመርጥ ሰው የለም። እኔም ረጅም መንገድ ሲኖርብኝ እጄ የሚሄደው ወደ አረንጓዴው ቁልፍ ነው። ልሽጠው ስልሽ የምወደውን መኪና ነው።

ለማያውቃቸው ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለቱም ላንድክሩዘር 80 ናቸው፤ ነጩ እ.ኤ.አ. የ1993፣ አረንጓዴው የ1996 ምርት። ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ከነሱ በፊት የነበረው ላንድክሩዘር 60 የሚቆመው በባሌስትራ፣ በተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት ነበር፣ እነዚህ ግን አራቱም እግራቸው ሞላ፣ የተጠቀለለ ብረት ነው። የነጩ ሞተር ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ነው። ቱርቦ የለውም፣ ጉልበቱም ወደ 130 ፈረስ ነው። የአረንጓዴው ዋን ኤች ዲ ኤፍ ቲ ነው። ቱርቦ አለው፣ በየሲሊንደሩ አራት አራት ቫልቭ አለው፣ ወደ 170 ፈረስ ይሰጣል። የሁለቱም የነዳጅ ፖምፓ ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር ሳይፈልጉ በመፍቻ የሚሠሩ ሞተሮች ናቸው። በሞተር ብቻ ከሄድን አረንጓዴው ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም።

ታዲያ ምን ተገኘ ትዪኛለሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጩን ለሽያጭ ፎቶ ላነሳው አጠብኩት። ካጠብኩት አይቀር ከስሩም ልየው ብዬ ካርቶን ዘርግቼ ገባሁ። እጄ ላይ ካቻቢቴ ነበር። በእጀታው ሻንሲውን፣ ከስር ያለውን ዋና ብረት፣ እያንኳኳሁ ከፊት ወደ ኋላ ሄድኩ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ደረቅና የጠራ ድምፅ ነው። እስከ ኋላው ፓራውልት ድረስ አልተለወጠም። አንዳንድ ቦታ ላዩ ላይ ቡናማ ዝገት አለ፣ በብረት ብሩሽ ስፈትገው ግን ለቀቀ፤ ስሩ ጤነኛ ብረት ነው።

ካርቶኑን ጎትቼ አረንጓዴው ስር ገባሁ። እሱ ከስሩ ጥቁር የጸረ ዝገት ቅብ እንዳለው ታውቂያለሽ። ስገዛው ያ ቅብ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ሰውየው መኪናውን ይንከባከበው ነበር ብዬ። ማንኳኳት ጀመርኩ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። የኋላ ጎማዎቹን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ ድምፁ ተለወጠ። ዱብ አለ፣ እርጥብ ካርቶን እንደ መምታት። ካቻቢቴውን አዙሬ በጫፉ ገፋ አደረግኩት። ገባ። የብረቱ ግማሽ ገባ። ሳወጣው ቅርፊት የመሰለ ዝገት ደረቴ ላይ ረገፈ፣ እርጥብ ጭቃም አብሮ ወጣ። በሌላኛው ጎንም እንደዚያው ሆነ። እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ ብዙ ቆየሁ።

የሻንሲ ብረት እንደ ሳጥን ውስጡ ባዶ ነው። ጭቃ በቀዳዳዎቹ ይገባና መውጫ ያጣል። እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ብረቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ላዩን ስታዪው ደህና ይመስላል። ዝገት ከጀመረ በኋላ ወፍራም ቅብ ከተቀባ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል፣ ለዓይንም ይሸፍነዋል። ስገዛው በዓይኔ አየሁ እንጂ አላንኳኳሁም። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

"ይበየዳል" ትዪኛለሽ። እኔም ወዲያው ያሰብኩት እሱን ነው። ሁለት በያጆች አሳየሁ። አንደኛው ላሜራ ልለጥፍበትና በግማሽ ቀን ውሰደው አለኝ። ሁለተኛው ረጅም ሰዓት አየውና፣ ቦዲው ተነስቶ፣ የበሰበሰው በሙሉ ተቆርጦ፣ ጤነኛ ብረት ላይ ሲደረስ ነው አዲስ የሚገባው አለኝ። የት ድረስ እንደሚቆረጥ ሳይከፈት አይታወቅም አለ። ያመንኩት ሁለተኛውን ነው። የበሰበሰ ብረት ላይ የተለጠፈ ላሜራ መሃሉ ውሃ ይይዛል፣ ዝገቱም እዚያው ይቀጥላል። ኋላ ያለው ብረት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጭቃ ውስጥ ተይዘሽ በገመድ ስትጎተቺ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ሞተር ወርዶ ይታደሳል። ካምቢዮ ይቀየራል። ሻንሲው ግን ሁሉም ነገር የሚታሰርበት ነው። ሞላው፣ መሪው፣ ቦዲው እሱን ተማምነው ነው የቆሙት። የመኪናው መታወቂያ ቁጥር እንኳን የተመታው እሱ ላይ ነው።

ነጩ እንከን የለውም እያልኩሽ አይደለም። የቀኝ የፊት እግሩ ኳስ ላይ ጥቁር ቅባት ያንጠባጥባል። ውስጥ ያለው ጎሚኒ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር እየተቀላቀለ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረሽ ስትነጂው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ጀምሯል፤ መገጣጠሚያው ተበልቷል ማለት ነው። ታይሚንግ ቺንጋውም ደርሷል። በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በርቷል። እሱ ላይ አልዘገይም፤ ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ያኔ የሞተር ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ግን ልኩ የታወቀ ሥራ ነው። ተፈትቶ፣ ዕቃው ተቀይሮ፣ ተገጥሞ ያልቃል።

ኪሎ ሜትሩን ደግሞ አንስተሽብኝ ነበር። ነጩ 412 ሺህ ሄዷል፣ አረንጓዴው 238 ሺህ ይላል። "ይላል" ያልኩት አውቄ ነው። ስገዛው 160 ሺህ ነበር የሚለው። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ ግን ያኔም ተላጭቶ ለስልሶ ነበር። ዛሬ ከነጩ ፔዳል ጋር አስተያየሁት፣ ልዩነት የላቸውም። ነጩን ለ22 ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ። ያቺን ሰማያዊ ደብተር ታስታውሻታለሽ፣ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ የምትቀመጠውን? እያንዳንዱ የዘይት ቅያሬ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ተጽፎባታል። መሃል ላይ የአንቺም ጽሑፍ አለ። ሰባት ዓመትሽ ሳለ እኔ እየነገርኩሽ "ዘይትና ፊልትሮ" ብለሽ የጻፍሽው። "ፊልትሮ"ን "ፊትልሮ" ነው ያልሽው።

ሁለቱንም እናስቀር እንዳትዪኝ። የቆመ መኪና ይበላሻል። ባትሪው ይሞታል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይነክሳል። እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ሁለት መኪና በየተራ ማስነሳት ደክሞኛል። የአረንጓዴውን ሞተር ነጩ ላይ መግጠምም አስቤ ነበር። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ሞተሮቹ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ይቻላል፣ የሚያደርጉትም አሉ። ግን ለወራት ሁለት የተፈታታ መኪና ይዤ መቀመጥ ነው። ተውኩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ነጩን አንቺም ትነጂዋለሽና ይህን ያዢ። አረንጓዴው ሁልጊዜ በአራቱም እግሩ ነው የሚሄደው። ነጩ እንደዚያ አይደለም። ጭቃ ከመግባትሽ በፊት ወርደሽ የሁለቱን የፊት ጎማዎች ሎክ በእጅሽ ታዞሪያለሽ፣ ከዚያ ነው ፎር ዊል የምታስገቢው። ደረቅ አስፋልት ላይ ስትወጪ ወዲያው አውጪው። መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል አይዞሩም፣ መሃላቸው ያለው ብረት ይጨነቃል።

አሁን ወደ ሽያጩ። ማስታወቂያውን አንቺ ጻፊልኝ፣ ከኔ ይልቅ ትችዪበታለሽ። የሞተሩን ጥሩነት ጻፊ፣ እውነት ነውና። ያን ሞተር ብለው የሚፈልጉት ብዙ ናቸው፣ ገዢ አናጣም። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ ግን ጎናቸው ላይ ያለችው አራት አሃዝ 1415 ትላለች፤ እ.ኤ.አ. የ2015 14ኛ ሳምንት ምርት ናቸው ማለት ነው። ይህንንም ጻፊው። የሻንሲውን ቀዳዳ ደግሞ ካቻቢቴው እንደተሰካበት ፎቶ አንስቼዋለሁ። ከቆንጆዎቹ ፎቶዎች ጋር አብሮ ይውጣ። ዋጋው እንደሚወርድ አውቃለሁ። የሚገዛው ሰው ልጆቹን ጭኖ ይሆናል የሚሄድበት። እኔ ያልተነገረኝን እሱ አውቆ ይግዛ። ሊያሳድሰው የሚፈልግ ከሆነ የሁለተኛውን በያጅ ስልክ እሰጠዋለሁ።

ፎቶዎቹን ነገ እልክልሻለሁ። የአረንጓዴው ሁለተኛ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው፣ ስትመጪ እንዳትረሺው። ከመሸጡ በፊት አንድ ቀን ዳገቱን አብረን እንውጣበት፣ አንቺ ትነጂዋለሽ።

የሚወድሽ አባትሽ