ማክሰኞ ማታ ለምን የድሮ ፊልም እንደምናሳይ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ማክሰኞ ማታን ለድሮ ፊልሞች ከሰጠን ጥቂት ወራት ሆኖናል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል፤ አንዳንዱ ቲኬት መስኮቱ ላይ፣ አንዳንዱ በስልክ፣ አንዳንዱ ደግሞ ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ በር ላይ ቆመን። ስክሪኑ ለምን ጠበበ? ድምፁ ለምን ከጎን አይሰማም? ባለፈው የሰረዛችሁት ፊልም ምን ሆኖ ነው? ይሄ እኮ ስልኬ ላይ አለ፣ ለምን እዚህ ድረስ እመጣለሁ? ለሁሉም ቆመን ለማስረዳት ሞክረናል፤ ግን ሰልፍ እያለ በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብለን ጻፍነው። ከታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከከባዱ ጥያቄ እንጀምር፣ ከስልኩ።

እውነት ነው፣ ከምናሳያቸው ፊልሞች ብዙዎቹ ስልክ ላይ ይገኛሉ። ግን ሲሠሩ ስልክ ቀርቶ ቴሌቪዥን እንኳ በየቤቱ አልገባም ነበር። የሠሯቸው ሰዎች በአእምሯቸው የያዙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጨለማ አዳራሽ፣ ትልቅ ሸራ፣ ግራና ቀኝ የተቀመጠ የማይተዋወቅ ሰው። ይህ ለጌጥ የተባለ አይደለም፣ የፊልሙ አሠራር ውስጥ የገባ ነገር ነው። በድምፅ አልባው ዘመን ኮሜዲ ይሠራ የነበረው ሃሮልድ ሎይድ ፊልሙን ከመልቀቁ በፊት አዳራሽ ውስጥ ለተመልካች ያሳይ ነበር። ሰው የት እንደሚስቅ፣ የት ዝም እንደሚል አይቶ ተመልሶ ይቆርጠዋል፣ ይቀጥለዋል። ማለትም ያ ፊልም በውስጡ ለሳቅ የተተወ ቦታ አለው። ቤት ብቻችሁን ስታዩት ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ «ይሄ ፊልም ይንቀራፈፋል» የምትሉትም በዚህ ነው። ሰው ባለበት አዳራሽ ግን ክፍተቱ በሳቅ ይሞላል፣ ሳቁ ሲያልቅ ቀጣዩ ነገር ይመጣል፣ ልክ ተጠብቆ እንደነበር።

የቻርሊ ቻፕሊንን «የከተማ መብራቶች» ያሳየን ቀን ይህን በዓይናችን አይተናል። ፊልሙ የ1931 ነው። ያኔ የሚናገር ፊልም ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ሁሉም ወደ ንግግር ሄዷል፣ ቻፕሊን ግን ሙዚቃና አንዳንድ ድምፅ ብቻ አስገብቶ ንግግሩን ተወው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ መጀመሪያ ላይ «እማዬ፣ ለምን አያወሩም?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥያቄው ቆመ። ከዚያ ከሁሉም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ሆነ። መጨረሻው ላይ ልጅቷ እጁን የምትይዝበት ቦታ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ የወንበር ድምፅ እንኳ አልነበረም፣ መብራት አብርተንም ሰው ቶሎ አልተነሳም። እኛ ይህን ሥራ የምንሠራው ለዚያ ደቂቃ ነው። ስልክ ላይ ያለው ያው ፊልም ነው፣ ያ ደቂቃ ግን እዚያ የለም።

አሁን ወደ ስክሪኑ። በሁለቱም ጎን የሚታየው ጥቁር ቦታ ብልሽት አይደለም። የድሮው የፊልም ምስል ወርዱ ከቁመቱ የሚበልጠው በጥቂቱ ነበር፣ 1.37 ለ 1። ሆሊውድ በ1932 መደበኛ ልክ አድርጎ የያዘው ይህን ነው። ሰው ቴሌቪዥን ገዝቶ ቤቱ መቅረት ሲጀምር ስቱዲዮዎቹ ቴሌቪዥን የማይሰጠውን ነገር ፈለጉና ምስሉን ወደ ጎን ለጠጡት፤ በ1953 የወጣው «ዘ ሮብ» ሲኔማስኮፕ በተባለው ሰፊ የምስል ዓይነት ለሕዝብ የቀረበ የመጀመሪያው ፊልም ነው። የእኛ ሸራ የተሠራው ለሰፊው ምስል ስለሆነ ከዚያ በፊት የነበረ ፊልም ሲመጣ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ጎኖቹ ይጨልማሉ። «ለምን አትሞሉትም?» ላላችሁን፣ ማሽኑ ይችላል፣ እኛ ነን እምቢ ያልነው። ወደ ጎን ከተለጠጠ ሰው ሁሉ ፊቱ ያብጣል። ከተጎላ ደግሞ ከላይና ከታች ይቆረጣል። ፍሬድ አስቴር ሲጨፍር ካሜራው ከራሱ እስከ እግሩ እንዲያሳየው አጥብቆ ይጠይቅ ነበር፤ እኛ ሸራ ለመሙላት ብለን የጨፋሪ እግር ቆርጠን ብናሳይ ምን አሳየን ይባላል?

ድምፁም እንደዚያው ነው። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ አብዛኛው ፊልም የነበረው አንድ የድምፅ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም ከመሃል፣ ከሸራው ጀርባ ካለው ስፒከር ይወጣል። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ሸራችን በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ድምፁ የሚያልፈው በዚያ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ የጎን ስፒከሮች ዝም ካሉ አልተበላሹም።

አንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1960ዎቹ ከተሠሩት ትልልቅ ፊልሞች አንዳንዶቹ የሚጀምሩት በሙዚቃ ብቻ ነው። የ1962ቱን «የአረቢያው ሎውረንስ» ስናሳይ ለአራት ደቂቃ ያህል ምስል የለም፣ ሙዚቃው ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለት ሰዎች ተነስተው «ማሽኑ ተበላሽቷል» ሊሉን መጥተዋል፣ አንፈርድባቸውም፣ ቀድመን መናገር ነበረብን። ከአሁን በኋላ እንዲህ ያለ ፊልም ሲኖር ከመጀመሩ በፊት ወደ ፊት ወጥተን እንናገራለን።

ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ፍጥነቱ። በዚያ ዘመን ካሜራው የሚዞረው ብዙ ጊዜ በእጅ ነበር፤ በሰከንድ 16፣ 18፣ 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ እንደ ካሜራ ያዡ እጅና እንደ ትዕይንቱ። ድምፅ ሲመጣ ግን ፍጥነቱ አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት፣ አለዚያ የሰው ድምፅ ይዛባል፤ በዚህ የተነሳ 24 ፍሬም ላይ ጸና። በ18 የተቀረጸውን በ24 ስታስኬዱት ሰዉ ሁሉ እየተጣደፈ የሚሄድ ይመስላል። ብዙ ሰው «የድሮ ፊልም» ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ያ ቱር ቱር የሚል አካሄድ የአሳዪው እንጂ የፊልሙ አይደለም፣ የመጣውም በተሳሳተ ፍጥነት ከማሳየት ነው። እኛ ቅጂ ስንጠይቅ በትክክለኛው ፍጥነት የተዘጋጀውን ለይተን ነው የምንጠይቀው፣ ካልተገኘ ሌላ ፊልም እንመርጣለን።

ስለ ፈቃድና ስለተሰረዘው ፊልም እንንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ቅሬታ የመጣው በዚህ ነው፣ ቅሬታውም ተገቢ ነበር።

ሱቅ የተገዛ ዲስክ የሚፈቅደው ቤት ውስጥ ማየት ነው። አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ለማሳየት ከመብቱ ባለቤት የማሳያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ መብቱ እስካላለቀ ድረስ ፊልሙ ቢያረጅም። «ያረጀ ፊልም ነፃ ነው» የሚባለው በአብዛኛው ስህተት ነው። ነፃ የሆኑም አሉ፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። የ1968ቱ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ነፃ የሆነው አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የመብት ማስታወቂያውን ሳያስገባ ስለቀረ ነው። ይህ የሚደገም ነገር አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማክሰኞ የፊልሙ መብት ዛሬ ማን እጅ እንዳለ እንፈልጋለን፤ ስቱዲዮዎች ይሸጣሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ ይዘጋሉ፣ አንዳንዴ ባለቤቱን ማግኘት ብቻ ሳምንታት ይወስዳል።

ፈቃዱ ሲገኝ ፊልሙ ብዙ ጊዜ በሃርድ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ተቆልፎ ይመጣል። የሚከፍተው ቁልፍ ለብቻው የሚላክ ትንሽ ፋይል ነው፣ የሚሠራውም ለአንድ ማሽንና ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቱ ካለፈ አይከፈትም፣ ካልደረሰም አይከፈትም። ባለፈው ወር የሆነው ይኸው ነው። የተላከልን ቁልፍ ላይ ቀኑ ተሳስቶ ከረቡዕ ጀምሮ እንዲከፍት ተደርጎ ነበር። እኛም ከምሽቱ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለን ነው የሞከርነው። ቁልፉን በማግስቱ ሳይሆን በደረሰን ቀን መሞከር ነበረብን፤ ያ የእኛ ጥፋት ነው፣ በዝናብ መጥታችሁ ለተመለሳችሁት ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። አሁን ቁልፍ እንደደረሰን ወዲያው እንፈትሻለን። «እባካችሁ ነገም ድገሙት» ስትሉን የማንችለውም በዚሁ ቁልፍ ምክንያት ነው።

«ለምን ማክሰኞ?» ለሚሉ፣ ስክሪናችን አንድ ነው። የአዲስ ፊልም አከፋፋዮች ቅዳሜና እሁድን ለራሳቸው ፊልም ይፈልጋሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደግሞ ሌላ ነገር እንዳናስገባ የሚጠይቁም አሉ። ማክሰኞን ያገኘነው ተደራድረን ነው። አንዳንድ ማክሰኞ አዳራሹ ሩብም አይሞላም። እናውቀዋለን፣ ሒሳቡንም እናየዋለን፣ ግን አናቆመውም። በትንሽ ከተማ ይህን ካላሳየን ሌላ የሚያሳይ የለም፣ ሰውም ይህን ለማየት ሩቅ መንገድ መሄድ ይኖርበታል ወይም ሳያይ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ እንድታውቁልን እንፈልጋለን። የድሮ ፊልም ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት በቀላሉ እሳት የሚይዝ፣ ሲያረጅም ወደ ዱቄት የሚለወጥ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ ድምፅ ሲመጣ «ድምፅ አልባውን ከእንግዲህ ማን ያያል» ተብሎ የተጣለው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል። ተመልካች የለውም የተባለ ፊልም ነው የጠፋው። በተቃራኒው፣ ፍሪትዝ ላንግ በ1927 ያወጣው «ሜትሮፖሊስ» ገና ከመጀመሪያው ተቆራርጦ ለሰማንያ ዓመት ያህል የጎደለ ሆኖ ሲታይ ኖሮ፣ በ2008 ቦነስ አይረስ በሚገኝ የፊልም ሙዚየም ውስጥ 25 ደቂቃ ያህሉ ተገኘ። የተገኘው ክፍል የተቧጨረ ነው፣ ስናሳየው በግልጽ ታዩታላችሁ፣ ምስሉ በድንገት ዝናብ የዘነበበት ይመስላል። ያ ጭረት የእኛ ማሽን ሥራ አይደለም፤ ከጠፋበት የተመለሰው ክፍል የቱ እንደሆነ የሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ከዚሁ ጋር፣ ጥቁርና ነጩን ቀለም የተቀባ ቅጂ አናሳይም፣ ያጠረ ቅጂም አናሳይም። የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» 207 ደቂቃ ነው፣ 207 ደቂቃውን እናሳያለን። ፊልሙ ራሱ መሃል ላይ ዕረፍት አለው፣ ያኔ መብራት እናበራለን፣ ወጣ ብላችሁ ትመለሳላችሁ። በእንደዚህ ዓይነት ቀን ቀደም ብለን እንጀምራለን፣ ሰዓቱን በር ላይ አይታችሁ ኑ።

የግርጌ ጽሑፍ አነሰን ያላችሁን ከኋላ ረድፍ የምትቀመጡ፣ ጽሑፉ ከፊልሙ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ ማተለቅ አንችልም። ግን ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ረድፍ በደንብ ይነበባል፣ ቲኬት ስትቆርጡ ለልጃችን ንገሩት፣ ያስቀምጥላችኋል።

የምትፈልጉትን ፊልም የምትጽፉበት ደብተር መስኮቱ ላይ አስቀምጠናል። እስካሁን ብዙ ጊዜ የተጻፈው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው። ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ታድሷል፣ ስለዚህ ጥሩ ቅጂ አለ። ፈቃዱን ጠይቀናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። እንደመጣ ቀኑን በር ላይ እንለጥፋለን፣ ቁልፉንም በደረሰን ቀን እንሞክረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲኒማ ቤታችሁ ሠራተኞች