የሻለቃ ዓመት፦ የሳይንስ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ

የሳይንስ ክበባችን ለ2011 የትምህርት ዘመን ያዘጋጀው ዕቅድ ከግቢያችን በስተጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ የሚታየውን የአፈር መሸርሸር ማጥናት ነበር። ዕቅዱ ጸድቆ፣ የሥራ ክፍፍሉም አልቆ ሳለ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛችን ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝና፣ «መምህር፣ ያ ጉንጫም ድመት ምን በድለነው ነው ሌሊት ሌሊት እየመጣ የቤተ መጻሕፍቱን በር የሚሸናበት? እኔ አጥቤ ሰለቸኝ፤ ወይ ያባሩልኝ ወይ ምክንያቱን ይንገሩኝ» አሉኝ። ጥያቄውን ለክበቡ ሳቀርበው አባላቱ በአንድ ድምፅ አፈሩን ትተው ድመቱን መረጡ። እኔ በበኩሌ ወዲያው አልተስማማሁም፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በየጎተራው፣ በየወፍጮ ቤቱና በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ የሚታይ እንስሳ ለዓመት የሚበቃ ጥናት ይወጣዋል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገሮች መፈታት ነበረባቸው። የመጀመሪያው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ድመት የእብድ ውሻ በሽታን ልታስተላልፍ ስለምትችል፣ ማንም አባል የማያውቀውን ድመት እንዳይነካ፣ ቢቧጨር ወይም ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ተስማማን፤ ደግነቱ ይህ ደንብ በዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን አላስፈለገንም። ሁለተኛው ችግር ድመቱ የሚመጣው ሌሊት፣ ተማሪዎቹ የሚመጡት ቀን መሆኑ ነበር። መፍትሔውን ያገኙት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ «አባባ» እያሉ የሚጠሯቸው ጥበቃ ሌሊት ያዩትን ጠዋት ሲነግሯቸው ተረኛው ተማሪ በመዝገብ ይጽፋል። አቤቱታ አቅራቢው በዚህ መንገድ ዋና ታዛቢያችን ሆኑ፤ መዝገቡም እኔ ካነበብኳቸው የተማሪ የመስክ ማስታወሻዎች ሁሉ የተሟላው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ተከሳሹ ግራጫ፣ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ ጎልማሳ ወንድ ነው። አንገቱ ደንዳና፣ ጉንጮቹም ከፊቱ ግራና ቀኝ ያበጡ ስለሆኑ ተማሪዎቹ «ሻለቃ» ብለው ሰየሙት። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ጉንጩ በጥጋብ የወፈረ መስሏቸው ነበር። ነገሩ ግልጽ የሆነላቸው አንድ ከገጠር የሚመጣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የኮርማን ሻኛና አንገት ገና ወይፈን ሳለ ከተቀጠቀጠ በሬ ጋር ባነጻጸረ ጊዜ ነው። በኮርማው ላይ ሻኛውን የሚያደነድነው ከዘር ፍሬ የሚመነጨው ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን ሲሆን፣ በድመትም ላይ ያው ሆርሞን የጉንጩን ቆዳና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ያወፍረዋል። ወንድ ድመት ለአካለ መጠን የሚደርሰው ከስድስት ወር ዕድሜ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው፤ እንዲህ ያለው ሙሉ ጉንጭ ግን ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ ገና ጎረምሳ በሆነው ላይ አይታይም። ቀድሞ የተኮላሸ ድመት ጉንጭ ጨርሶ አያወጣም።

አሁን ወደ ሽንቱ ልመለስ፤ የዓመቱ ፍሬ ነገር ያለው እዚያ ነውና። ጥበቃው ለሦስት ሳምንት ያስመዘገቡት ሲጠና፣ ሻለቃ በሩ ላይ የሚያደርገው ነገር ከተራ መሽናት የተለየ መሆኑ ታወቀ። ድመት ለመጸዳዳት ሲፈልግ አፈር ጭሮ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ከዚያም አልብሶ ይሄዳል። ሻለቃ ግን ከበሩ ደርሶ ያሸትታል፣ ጀርባውን ይሰጣል፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ እያንቀጠቀጠ ጥቂት ሽንት በድመት አፍንጫ ቁመት ልክ ወደ ኋላ ይረጫል፤ አያለብሰውም። ይህ ለሌሎች ድመቶች የሚተው መልእክት ነው፤ ማን እንዳለፈ፣ መቼ እንዳለፈ ከሽታው ይነበባል። ሴቶችም አልፎ አልፎ ይረጫሉ፤ ዋና ሥራቸው ያደረጉት ግን ያልተኮላሹ ወንዶች ናቸው።

የሽታው መነሻ ኬሚስትሪ ነው። የድመት ሽንት ፌሊኒን የተባለ ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ይዟል፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የፌሊኒንን አመራረት የሚቆጣጠረው ከኩላሊት ወደ ሽንት የሚገባ ኮክሲን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ የሁለቱም መጠን ባልተኮላሸ ወንድ ከሴትም ከተኮላሸም ይበልጣል። ፌሊኒን ራሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ አፍንጫን የሚሰነፍገው ቀስ እያለ ሲፈራርስ የሚወጣው የድኝ ውሕድ ነው። ጥበቃው «ጠዋት አጥቤው ከሰዓት በኋላ ይብሳል» ይሉ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ፌሊኒን ፀሐይ ሲነካው መፈራረሱን ይቀጥላል። በዚህ አጋጣሚ በረኪና መጠቀማቸውን ሰምተን አስቁመናቸዋል፤ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል፤ የቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ደግሞ መስኮት የለውም።

ለፌሊኒን የሚሆነው ድኝ የሚገኘው ከሥጋ ፕሮቲን ስለሆነ፣ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ጠንካራ ሽታ ማለት ጥሩ አዳኝ ነኝ ማለት ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። ይህን ግምት በቁም ነገር የያዙ ተመራማሪዎች መኖራቸውን ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ በመምህርነት ዘመኔ ከማልረሳቸው አንዱ ነው። ይህችው ተማሪ ሌላ ድመት የሻለቃን ምልክት ካሸተተ በኋላ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ የላይኛውን ከንፈር ሰብስቦ ደንዝዞ መቆሙን አይታ «ተጸየፈ» ብላ መዝግባ ነበር። መጸየፍ ሳይሆን ማንበብ ነው። በላንቃው ላይ፣ ከፊት ጥርሶቹ ኋላ፣ የዴንማርኩ ሐኪም ሉድቪግ ያኮብሰን በ1813 እ.ኤ.አ. የገለጹት ሌላ የሽታ አካል አለ፤ ድመቱ አፉን የሚከፍተው ሽታውን ወደዚያ ለማድረስ ነው። በሬም ፈረስም ይህን ያደርጋሉ፤ ከገጠር የመጡት ልጆቻችን ኮርማ የላምን ሽንት አሽትቶ ከንፈሩን ሲገለብጥ ስላዩ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከኅዳር ጀምሮ ተማሪዎቹ የየሰፈራቸውን ድመቶች በካርታ ላይ ማስፈር ጀመሩ። ሻለቃ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው ዳር ድረስ በአራት አባላት ሰፈር ታይቷል፤ ሴቶቹ ግን ከአንድ ግቢና ከአጎራባቹ እምብዛም አይርቁም ነበር። የወንድ ክልል ከሴቷ ክልል ብዙ ጊዜ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚሰፋና የበርካታ ሴቶችን መኖሪያ እንደሚያካትት በሌሎች አገሮችም የታወቀ ነው። የሴቷን ክልል የሚወስነው ምግብና የግልገሎቿ ደኅንነት ሲሆን፣ የወንዱን የሚወስነው የሴቶቹ አሰፋፈር ነው። የሁዳዴ ጾም የካቲት 25 ቀን ሲገባ ይህ ልዩነት ያልጠበቅነውን ነገር አሳየን። ለ55 ቀናት ሥጋ ቤቶቹ ሲዘጉ፣ በየደጃፋቸው ይሰበሰቡ የነበሩ ሴት ድመቶች ወደ ጎተራና ወደ ወፍጮ ቤት ተበታተኑ፤ በየሌሊቱ ይመጣ የነበረው ሻለቃም በመዝገቡ ላይ በተከታታይ እስከ አራት ሌሊት መጥፋት ጀመረ። ከፋሲካ በኋላ እንደ ቀድሞው በሰዓቱ ተመለሰ። አንድ ድመትና አንድ ጾም ማስረጃ አይሆኑም፤ ሆኖም ይህን ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ክበብ በአደራ አስተላልፌያለሁ፤ ሁዳዴን የመሰለ የተፈጥሮ ሙከራ በነጻ የሚያገኝ ተመራማሪ ብዙ አይደለም።

ጠብን በተመለከተ የተማሪዎቹ ግምት ከእውነታው የራቀ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው ዋይታ የውጊያ ድምፅ ይመስላል፤ አብዛኛው ግን ውጊያን ለማስቀረት የሚደረግ ነው። ሁለት ወንዶች ጎናቸውን ሰጥተው፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ እያጉረመረሙ ለረጅም ጊዜ ይፋጠጣሉ፤ ከዚያ አንዱ ላለመሮጥ እየተጠነቀቀ በጣም ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲጣሉ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ቀጭኑ የድመት ክራንቻ በቆዳው ላይ የሚከፍተው ቀዳዳ ፈጥኖ ይገጥምና በውስጡ የቀረው ተሕዋስ መግል ይቋጥራል። ከዚህም በላይ በ1986 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተለየው፣ የድመትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በንክሻ ስለሆነ ተጠቂዎቹ ይበልጡን ተዋጊ ወንዶች ናቸው። ቫይረሱ ወደ ሰው አይተላለፍም።

ስለ ስሪያ በመጽሔት የሚጻፈውን ያህል ብቻ ልጻፍ። ሴቷ እንቁላል የምትለቀው ስሪያ ሲፈጸም ነው፤ በአንድ ወቅትም ከአንድ በላይ ወንድ ጋር ስለምትገናኝ የአንድ ማሕፀን ግልገሎች የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል፤ እርግዝናውም ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። በአውሮፓ ድመቶች የሚራቡት በአብዛኛው ቀኑ መርዘም ሲጀምር ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ ግልገል ዓመቱን ሙሉ ይታያል፤ ወንዱም የዕረፍት ወቅት የለውም። «አባትየው ልጆቹን ይበላል» የሚለውን የሰፈር ወሬ ብዙ ተማሪዎች ይዘው መጥተው ነበር። እንግዳ ወንድ ግልገል ሲገድል የታየበት ጊዜ አለ፤ የዘወትር ጠባዩ ግን አይደለም፤ በማሳደግም በኩል እጁ የለበትም።

በቀለም ላይ የተሠራው ሥራ ለሒሳብ መምህራችንም ተርፏል። እኛ «ዳማ» የምንላቸው ብርቱካንማ ድመቶች አብዛኞቹ ወንዶች መሆናቸውን አባላቱ በቆጠራቸው አስተውለው ነበር። ቀለሙን የሚወስነው ጂን በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ወንዱ ያለው አንድ ኤክስ ስለሆነ አንድ ቅጂ ይበቃዋል፤ ሴቷ ሙሉ ዳማ እንድትሆን ሁለቱም ኤክሶቿ ሊይዙት ይገባል። ከአራት ኤክስ አንዱ ጂኑን ይዟል ብንል ከ100 ወንዶች 25ቱ ዳማ ሲሆኑ፣ ከ100 ሴቶች ግን የሩብ ሩብ፣ ማለትም 6 ያህል ብቻ ናቸው። አንዱን ብቻ የያዘችው ሴት ዳማና ጥቁር የተቀላቀለባት ዝንጉርጉር ትሆናለች፤ በየሕዋሱ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ እንደሚዘጋ እንግሊዛዊቷ ሳይንቲስት ሜሪ ላዮን በ1961 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ይህን ያብራራል። ዝንጉርጉር ወንድ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ይዞ ሲወለድ ነው፤ እንዲህ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው። ዝንጉርጉር ወንድ አገኘሁ ብሎ ክበቡን በሩጫ የሰበሰበ አንድ አባል ነበረን፤ ድመቱ በሰኔ ወር ሦስት ወለደች።

ስለ መዳፍ የተደረገው ሙከራ አልተሳካም። ቤልፋስት ውስጥ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከጠባብ ዕቃ ምግብ ሲያወጡ ከ21 ወንዶች 20ዎቹ ግራ መዳፋቸውን መርጠዋል። እኛ በአባላት ቤት ያሉ አምስት ወንዶችን ፈትነን ሦስቱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ተጠቀሙ፤ አምስተኛው ጠርሙሱን ገልብጦ በላ።

ግንቦት ላይ ሻለቃ ይኮላሽ ወይስ አይኮላሽ የሚል ክርክር ተካሄደ። የጋበዝናቸው የእንስሳት ሐኪም ከአሥር ጎልማሳ ወንዶች በዘጠኙ ያህል መርጨቱ እንደሚቆም ወይም በእጅጉ እንደሚቀንስ፣ መዞርና ጠብም እንደሚረግቡ አስረዱ። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ተነሥቶ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብሎ አዳራሹን አሳቀ፤ ሐኪሙም አይጥ ማደን ከዘር ፍሬ ጋር የተያያዘ ስላልሆነ በዚያ በኩል በእርግጥም እንደማይረሳ ነገሩት። ሻለቃ ባለቤት የለውም፤ ያለ ማደንዘዣ መቀጥቀጥ ለበሬ የለመድነው ቢሆንም ለድመት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ በሩ ሥር ያለው ክፍተት ተዘጋ፣ የአሮጌ ጋዜጣ ክምሩ ተነሣ፣ ስንጥቁም በሳሙና ተፈትጎ ተለሰነ። ሻለቃ ወደ ውኃ ቧንቧው ምሰሶ ተዛወረ።

የመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ የተጻፈው ሰኔ 12 ነው። ጥበቃው እንዳስመዘገቡት፣ ጉንጩ ገና ያልሞላ አንድ ዳማ ጎረምሳ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተለሰነው በር ደርሶ ለረጅም ጊዜ አሸተተ፤ አፉን ገርበብ አድርጎ ቆመ፤ ዞረ፤ ጭራውንም አቆመ። ከሥሩ፣ ተረኛው ተማሪ የእሳቸውን ቃል እንዳለ አስፍሯል፦ «ሳሙናው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ መምህርን አትቀስቅሷቸው።»